አንድ መኪና ለብዙ ባለቤት
ስለ ቨርቹዋል ማሽን አስተዳደር ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልንነጋገርበት የመጣነው ነገር ከመሐንዲሶች ክፍል ውጭ የማይሰማ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን የሁላችንም ነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ውድ ዕቃ የብዙ ሰዎች የጋራ በሆነ ጊዜ፥ እያንዳንዱ የራሱ ብቻ እንደ ሆነ ዕቃ በነፃነት እንዲሠራበት፥ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እንዳይጐዳ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ የሕግና የአስተዳደር ተማሪዎች ዘወትር ያነሡታል። የኮምፕዩተር ሰዎችም ከስድሳ ዓመት በፊት አንሥተውት መልሱን በቃል ሳይሆን በሚሠራ መኪና ሰጥተዋል። መልሱ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። እኛም ታሪኩን ባጭሩ ከነገርናችሁ በኋላ፥ አስተዳዳሪው ምን እንደሚሠራና የት ላይ ሊሳሳት እንደሚችል አንድ በአንድ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹ ዓመታት ኮምፕዩተር አንድ ክፍል የሚሞላ፥ ዋጋውም እጅግ የከበደ መኪና ነበር። ተማሪው ፕሮግራሙን በካርድ ላይ በስቶ ለመኪናው ሠራተኞች ያስረክባል፤ ካርዱ ተራውን ጠብቆ ይነበባል፤ ውጤቱም ከብዙ ሰዓት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም በማግሥቱ፥ በወረቀት ታትሞ ይመለስለታል። በመካከሉ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ተዛንፋ ብትገኝ እንደ ገና መሰለፍ ነው። መኪናው እንዳይቦዝን ሲባል ሰው ይቦዝን ነበር ማለት ነው።

በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር በኤም አይ ቲ፥ ማለት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ሲ ቲ ኤስ ኤስ የተባለውን ሥርዐት በሥራ አሳዩ። መኪናው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሴኮንድ ቁራጭ እየሰጠ በመካከላቸው በፍጥነት ይዘዋወራል፤ ሰዎቹም ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ይመስላቸዋል። በሚያዝያ 7 ቀን 1964 አይ ቢ ኤም ኩባንያ ሲስተም/360 የተባሉትን መኪናዎች ለዓለም አስታወቀ። በዚያው ዓመትም በኬምብሪጅ ከተማ፥ በኤም አይ ቲ አጠገብ፥ የሳይንስ ማዕከል ከፈተ። ቀድሞ በሲ ቲ ኤስ ኤስ ላይ የሠራው ሮበርት ክሪሲ በዚህ ማዕከል ሲ ፒ-40 የተባለውን ሥራ መራ። ሲ ፒ-40 ተለይቶ በተሻሻለ ሞዴል 40 መኪና ላይ በጥር 1967 ሥራ ላይ ዋለ፤ እስከ 14 ለሚደርሱ ቨርቹዋል ማሽኖችም ለእያንዳንዳቸው 256 ሺህ ባይት ያህል ሜሞሪ ያድል ነበር። ከዚያ በሞዴል 67 ላይ የሚሠራው ሲ ፒ-67 ተከተለ። በነሐሴ 2 ቀን 1972 ቪ ኤም/370 ታወጀ፤ የዚህ ዘር የሆነው ዚ/ቪ ኤም በ2000 ወጥቶ እስካሁን በሥራ ላይ ነው፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ሊኑክስ የሚሠራባቸውን ቨርቹዋል ማሽኖች ነው።

የኬምብሪጅ ሰዎች ብልኀት ሥራውን ለሁለት መክፈላቸው ነው። ኮንትሮል ፕሮግራም፥ ባጭሩ ሲ ፒ፥ የሚባለው ክፍል መኪናውን ያካፍላል እንጂ የማንንም ሥራ አይሠራም። ሲ ኤም ኤስ የሚባለው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ አንድን ሰው ብቻ ያገለግላል፤ ጽሑፍ ያዘጋጅለታል፥ ፕሮግራም ያስኬድለታል፥ ፋይል ይጠብቅለታል። አካፋዩ ስለ አገልግሎት አይጨነቅም፤ አገልጋዩም ስለ ማካፈል አይጨነቅም። እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ስላለው ሁለቱም ትንንሽና ለመመርመር የቀለሉ ሆኑ።

ተጠቃሚው በተርሚናሉ ፊት ሲቀመጥ የሚታየው ሙሉ ኮምፕዩተር ነው። ሜሞሪ አለው፤ ዲስክ አለው፤ የካርድ ማንበቢያ፥ የካርድ መብሻና ማተሚያም አለው። ከፈለገ ሲ ኤም ኤስን፥ ካልፈለገም ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጭንበታል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በሥራ እንጂ በአካል የሉም። ዲስኩ ከትልቁ ዲስክ ተቈርጦ የተሰጠ ቁራጭ ነው፤ ይህም ሚኒዲስክ ይባላል። ማተሚያው ሲ ፒ እያጠራቀመ ተራ የሚያስይዘው ፋይል ነው። የተጠቃሚው ፕሮግራም መላውን መኪና የሚነካ ትእዛዝ በሰጠ ጊዜ፥ መኪናው ራሱ ትእዛዙን ያግድና ለሲ ፒ ያስረክባል። ሲ ፒም መርምሮ፥ በተጠቃሚው ድርሻ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም ያደርጋል። ስለዚህ የአንዱ ማሽን ሲወድቅ የጎረቤቱ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ሲ ፒ ማንንም አያምንም፤ ማንንም ስለማያምንም ለሁሉም ነፃነት ለመስጠት ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። መኪናው ድንበር ይጠብቃል እንጂ ድንበር አያሠምርም። ድንበሩን የሚያሠምረው ሰው ነው፤ እርሱም አስተዳዳሪው ነው። አስተዳዳሪው ድንበሩን ጠማማ አድርጎ ቢያሠምር፥ መኪናው ያንኑ ጠማማ ድንበር ሌት ተቀን በታማኝነት ይጠብቃል። የንግግራችን ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የአስተዳዳሪው ዋና መሣሪያ ዳይሬክተሪ የሚባለው መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ምዕራፍ አለ። በምዕራፉም ስሙ፥ የይለፍ ቃሉ፥ የሚሰጠው የሜሞሪ ልክ፥ የሥልጣኑ ክፍልና የሚኒዲስኮቹ ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በስምምነት ቁጥር 191 የተጠቃሚው የግል ዲስክ ነው፤ ቁጥር 190 ደግሞ ሲ ኤም ኤስ የሚገኝበት የጋራ ዲስክ ሲሆን ሁሉም ያነብበዋል እንጂ ተራው ተጠቃሚ አይጽፍበትም። አንድ ቅጂ ለሺህ ሰው ይበቃል። መዝገቡ በጽሑፍ ብቻ ሳለ ኃይል የለውም፤ አስተዳዳሪው በዳይሬክተሪ ፕሮግራም አሳልፎ በሲስተሙ ዲስክ ላይ ሲያሰፍረው ሕግ ይሆናል። እንግዲህ መዝገቡ ረቂቅ፥ ፕሮግራሙም ማጽደቂያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የመጀመሪያው አደጋ ያለው በዲስክ ክፍፍል ላይ ነው። ዲስክ በሲሊንደር ይለካል፤ 3390 በሚባለው ዲስክ አንዱ ሲሊንደር 15 ትራክ ያለው ሲሆን 850 ሺህ ባይት ያህል ይይዛል። አስተዳዳሪው ለአንዱ ተማሪ ከ100ኛው ሲሊንደር ጀምሮ 50 ሲሊንደር ሰጠው እንበል፤ ድርሻው እስከ 149ኛው ይደርሳል። ለሌላው ደግሞ ሳያስተውል ከ140ኛው ጀምሮ 20 ቢሰጠው፥ ዐሥሩ ሲሊንደሮች የሁለቱም ሆኑ። ሲ ፒ እንደ ተጻፈለት ይፈጽማል። ሁለቱ ተማሪዎች ለሳምንታት በሰላም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ዲስኮቻቸው ሲሞሉ ግን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ይደመስሳል፤ ማንም በማን ላይ ክፉ ሳያስብ የአንድ ተማሪ የዓመት ድካም ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መዝገቡ በተነካ ቁጥር፥ ከማጽደቅ በፊት፥ ዲስክማፕ የተባለውን ፕሮግራም ማስኬድ ነው። እርሱም ባዶ የቀረውንና የተደራረበውን መሬት ለይቶ ያሳያል። ዜሮ ቁጥር ያለውን የመጀመሪያውን ሲሊንደር ደግሞ ለተጠቃሚ መስጠት አይገባም፤ የዲስኩ የስም ምልክት የሚገኘው በዚያ ነውና።

ሁለተኛው አደጋ በመጋራት ላይ ነው። አንዱ የሌላውን ዲስክ ሊንክ በሚባለው ትእዛዝ ለማየት ይችላል፤ በምን ዓይነት መብት እንደሚያይም ይወሰናል። ለማንበብ ብቻ ሲሆን አር ይባላል፤ ሌላ ማንም ካልያዘው ለመጻፍ ሲሆን ደብሊው ነው፤ ኤም ደብሊው የተባለው ግን ማንም ቢይዘው ለመጻፍ የሚያስችል ነው። ይህ የመጨረሻው በሲ ኤም ኤስ ዲስክ ላይ እጅግ አደገኛ ነው። ምክንያቱን በምሳሌ እናስረዳ። ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የመጻሕፍቱን ዝርዝር ጧት ገልብጠው ወደየቤታቸው ወሰዱ እንበል። እያንዳንዱ በየራሱ ቅጂ ላይ አዲስ መጻሕፍት ሲጽፍ ይውላል፤ ማታ ሁለቱም ቅጂዎቻቸውን በአንዱ መደርደሪያ ላይ ይመልሳሉ። ኋላ የመጣው የፊተኛውን ሥራ ይሽራል። ሲ ኤም ኤስም የዲስኩን የፋይል ዝርዝር በየማሽኑ ሜሞሪ ስለሚይዝ፥ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ ከገቡ ዲስኩ ይበላሻል። ስለዚህ ለአንድ ዲስክ አንድ ጸሐፊ፥ ብዙ አንባቢ የሚለው ደንብ የማይጣስ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ነገር ሥልጣን ነው። ሲ ፒ ትእዛዞቹን ከኤ እስከ ጂ በሰባት ክፍል ይከፍላቸዋል። ኤ የዋናው ኦፐሬተር ነው፤ ሲስተሙን ለመዝጋት የሚችለው እርሱ ነው። ቢ የመሣሪያዎች ኃላፊ ነው። ሲ የሲስተሙ ፕሮግራመር ነው። ዲ የሚታተሙና የሚጠራቀሙ ፋይሎችን ይቈጣጠራል። ኢ መርማሪ ነው፤ ሁኔታውን አይቶ ያጠናል። ኤፍ የጥገና ሠራተኛ ነው። ጂ ተራው ተጠቃሚ ነው፤ የራሱን ማሽን ብቻ ያዛል። ይህን ክፍፍል ያወጡት ሰዎች ሰውን የሚያውቁ ነበሩ ለማለት እንደፍራለን። የሚያየውንና የሚለውጠውን ለይተዋልና፤ ኢ የመኪናውን ሜሞሪ ለማየት ይችላል፥ ለመለወጥ የሚችለው ግን ሲ ነው። በዛሬው ዚ/ቪ ኤም ክፍሎቹን እስከ 32 ማድረስና እንደ ድርጅቱ ጠባይ ማከፋፈል ይቻላል።

ነገር ግን ጥሩ ሕግ በመጥፎ ልማድ ይሻራል። ሜይንት የተባለው የጥገና ተጠቃሚ ከሲስተሙ ጋር ሲመጣ ሰባቱንም ሥልጣን ይዞ ይመጣል። ሰነፍ አስተዳዳሪ የዕለት ሥራውን ሁሉ በሜይንት ስም ይሠራል፤ ደብዳቤውን እንኳ በዚያው ያነባል። የባሰበትም የይለፍ ቃሉን ለአምስት ባልደረቦቹ ይነግራል። አንድ ቀን ጥፋት ሲደርስ፥ ማን እንዳጠፋ የሚመሰክር የለም፤ መዝገቡ የሚለው ሜይንት ሠራው ብቻ ነው። የሚሻለው፥ አስተዳዳሪው ራሱ ለዕለት ሥራው እንደ ማንኛችንም የጂ ተጠቃሚ መሆኑ ነው። ሜይንትን የሚጠቀሙትም ሎግኦን ባይ በሚባለው ደንብ፥ በራሳቸው ስምና በራሳቸው የይለፍ ቃል እንዲገቡ ማድረግ ይገባል። ያን ጊዜ ማን መቼ እንደ ገባ ይታወቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፥ አጥሩ የሚነቀነቀው ባለቤቱ ራሱ ሲንቀው ነው። በቪ ኤም/370 መዝገብ ውስጥ የይለፍ ቃሎች ሁሉ በግልጽ ተጽፈው የሚገኙ ስለ ሆነ፥ መዝገቡ ያለበትን ዲስክ ሌላ ሰው እንዳያነብበው መጠበቅም የአጥሩ አንድ ክፍል ነው።

አራተኛው ነገር የድርሻ ፍትሕ ነው። ፕሮሰሰሩ ለሁሉ ባልበቃ ጊዜ ማን ስንት ያግኝ? በዚ/ቪ ኤም ሴት ሼር በሚባለው ትእዛዝ ይወሰናል። ምንም ካልተነገረ እያንዳንዱ 100 አንጻራዊ ድርሻ አለው። ሁለት ሰዎች 100፥ 100 ቢኖራቸውና ሦስተኛው 200 ቢሰጠው፥ ሦስቱም ሥራ በያዙ ጊዜ ሦስተኛው ግማሹን ያህል ያገኛል። ሁለቱ ቢያርፉ ግን የተረፈው ሁሉ የእርሱ ነው፤ ድርሻ በጥበት ጊዜ የሚመዘን እንጂ በጥጋብ ጊዜ የሚከለክል አይደለም። ሜሞሪም እንደዚሁ ነው። አስተዳዳሪው ካለው በላይ ቃል ይገባል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠቀምበትምና። የማይነካውን ክፍል ሲ ፒ 4096 ባይት በያዙ ገጾች እየከፈለ ወደ ዲስክ ያወጣዋል። ነገር ግን ቃሉ ከልክ ካለፈ መኪናው ገጽ ሲያወጣና ሲያስገባ ውሎ ሥራ ሳይሠራ ይመሻል፤ ገጾች የሚቀመጡበት ቦታም ከጠፋ መላው ሲስተም ሊወድቅ ይችላል። ለተጠቃሚ ትልቅ ቊጥር መጻፍ ቸርነት ሊመስል ይችላል፤ ሳይለኩ መስጠት ግን ከሌላው ወስዶ መስጠት ነው።

አምስተኛው ጥንቃቄ ነው። ሲስተሙ ሲነሣ የሚያነብበው ሲስተም ኮንፊግ የሚባል ፋይል አለ። የትኞቹ ዲስኮች የሲ ፒ እንደ ሆኑ፥ የትኞቹ መሣሪያዎች እንደሚከፈቱ በዚያ ይጻፋል። በዚህ ፋይል አንድ መስመር ቢዛነፍ መኪናው አልነሣም ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ሲ ፒ ሲንታክስ በሚባለው ፕሮግራም አስቀድሞ መመርመር ይገባል። አዲስ ሲ ፒ ሲተከልም አሮጌው ሳይጠፋ በጎን ይቀመጣል። ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ መላ አለ። ቨርቹዋል ማሽን ሙሉ ኮምፕዩተር ስለ ሆነ፥ ሌላ ቪ ኤም በውስጡ ለመጫን ይቻላል። አዲሱ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በዚያ ይፈተናል፤ ቢወድቅ የሚወድቀው የውስጠኛው ብቻ ነው። የኬምብሪጅ መሐንዲሶች የሲስተም/370 ቨርቹዋል ሜሞሪ ገና ሳይታወጅ ጠባዩን በሲ ፒ-67 ውስጥ አስመስለው የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በዚያው መኪና ከቦስተን አካባቢ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተማሪዎች ይሠሩ ስለ ነበር፥ የኩባንያው ምሥጢር ከእነርሱ እንዲሰወር አዲሱን ሥራ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አጥረው ያዙት። ተማሪዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ምሥጢሩም በአጥሩ ውስጥ ተያዘ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ መኪናው ድንበሩን ስለሚጠብቅበት መንገድ ነው። ነገር ግን ከመኪናው ኃይል ውጭ የሆነ አንድ በር አለ፤ እርሱም የተጠቃሚው ልብ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቪ ኤም መኪናዎች ቢትኔት በተባለ መረብ ተያይዘው ነበር፤ መረቡ በ1981 በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲና በዬል ዩኒቨርሲቲ መካከል የተጀመረ ነው። በታኅሣሥ 1987 በምዕራብ ጀርመን ከሚገኘው የክላውስታል የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ትንሽ ፕሮግራም ለጓደኞቹ ላከ። ፕሮግራሙ ሲነሣ በስክሪን ላይ የገና ዛፍ ይሥላል፤ በስውር ግን የተቀባዩን የአድራሻ ፋይል አንብቦ በዚያ ለተጻፉት ሁሉ ራሱን ይልካል። በአውሮፓው ኤርን መረብና በቢትኔት አልፎ ወደ አይ ቢ ኤም የራሱ መረብ ገባና በቅጂ ብዛት አጨናነቀው። ልብ በሉ፤ ሲ ፒ አልተሸነፈም፤ የማንም ድንበር አልፈረሰም። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ከወዳጁ የመጣለት ስለ መሰለው በገዛ እጁ አስነሣው እንጂ። ጠርጥር፥ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ተጠቃሚዎችን ማስተማር ከአስተዳዳሪው ሥራዎች አንዱ ነው።

አሁን ደግሞ፥ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? መኪናው በእጃችን የለም የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። በ1999 ሮጀር ቦውለር የጀመረው ሄርኩሊስ የሚባል ፕሮግራም፥ ተራውን ላፕቶፕ እንደ ሜይንፍሬም ያሠራዋል። ቪ ኤም/370 ስድስተኛው እትም ደግሞ ለማንም ሰው በነፃ ይገኛል፤ ዚ/ቪ ኤም ግን የኩባንያውን ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ላፕቶፕ ያለው የተማሪዎች ጓድ የሜይንፍሬም አስተዳዳሪ ለመሆን መለማመድ ይችላል። ልምምዱን በዚህ ተራ ብታደርጉት ይጠቅማችኋል። በሜይንት ስም ገብታችሁ መጀመሪያ የይለፍ ቃሎችን ለውጡ፤ ከሲስተሙ ጋር የመጡትን ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋልና። ቀጥሎ መዝገቡን ቅዱና አሮጌውን ጠብቁ። ከዚያ ለአንድ ጓደኛችሁ የጂ ሥልጣን ብቻ ያለው ምዕራፍ ጻፉ፤ ባዶ ሲሊንደር ፈልጋችሁ ዲስክ ስጡት፤ መደራረብ አለመኖሩን አጣሩ፤ በመጨረሻም ዳይሬክት በሚባለው ትእዛዝ አጽድቁት። ጓደኛችሁም ገብቶ፥ ዲስኩን አዘጋጅቶ፥ የራሱን ማሽን ሲያዝ ታያላችሁ።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር ትረዳላችሁ። አንደኛው፥ ለሌላ ሰው ነፃነት መስጠት ማለት ትቶ መሄድ አለመሆኑ ነው፤ በጥንቃቄ የተለካ ድንበር፥ የተከፈለ ሥልጣንና የሚጠየቅ ስም ይፈልጋል። ሁለተኛው፥ ጥሩ አስተዳዳሪ ሥራው የማይታይ መሆኑ ነው። ተጠቃሚው መኪናው ሁሉ የእርሱ ብቻ መስሎት በሰላም ሲሠራ ከዋለ፥ ከበስተኋላው መዝገቡን በትክክል የጻፈ፥ ካርታውን የመረመረ፥ አሮጌውን ቅጂ ያስቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ነገ የጋራ ነገር ጠባቂ ይሆናሉ፤ አንዱ የኮምፕዩተር፥ አንዱ የቤተ መጻሕፍት፥ አንዱ የመሥሪያ ቤት፥ አንዱም የማኅበር ገንዘብ ይጠብቃል። ሰባቱን ቊልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት የሚያንጠለጥል ጠባቂ እንዳንሆን ከአሁኑ እንልመድ። ለልምምዱም አንድ ላፕቶፕና ጥቂት ትጉሃን ይበቃሉ፤ ፈቃደኞች ካላችሁ አብረን እንጀምር።